ሽቦውን ከመቁረጥ በፊት፦ የማስጠንቀቂያ ባዘር ያልተፈለገ ድምፅ ሲያሰማ

በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚደወል ደወል ሥርዓት አለው። ከድንጋይ ደወል ጀምሮ እስከ ብረቱ ድረስ መቼና ስለ ምን እንደሚደወል ምእመኑ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ድምፁን ሲሰማ ይነሣል። ደወሉ ያለ ሰዓቱና ያለ ምክንያት ቢደወል ግን ሕዝቡ አንድ ሁለት ጊዜ ደንግጦ ይወጣል፤ በሦስተኛው ጊዜ ከቤቱ አይነቃነቅም። በዚህ ጽሑፍ የምንማማረው ስለ ትልቁ ደወል አይደለም፤ በውኃ ታንከር፣ በሶላር ባትሪና በዕቃ ቤት በር ላይ ስለሚገጠመው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይም ባለሙያዎች «ባዘር» ስለሚሉት የድምፅ ማሰሚያ ነው። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ በምክንያት ሲጮኽ የሚሰማው አያገኝም።

በሙያ ትምህርት የሠለጠኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች በአነስተኛ ወጪ ራሳቸው መሥራት ይችላሉ፤ ሥራቸውም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ ያልተፈለገ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ምን መደረግ እንዳለበት አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ለሁሉም የሚቀርበው መፍትሔ ሽቦውን መቁረጥ ይሆናል። ሽቦው ሲቆረጥ ጩኸቱ ይጠፋል፤ ከጩኸቱ ጋር ግን ጥበቃውም ይጠፋል።

በአንድ አጥቢያ ያየነው

ለክትትል በሄድንበት በአንድ ደጋማ አጥቢያ፣ የእጅ ጉድጓድ ውኃ በ12 ቮልት የሶላር ፓምፕ እየተሳበ 2,000 ሊትር በሚይዝ ታንከር ይጠራቀማል። ውኃው ለአብነት ተማሪዎች፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎትና ከቅጽሩ ውጪ ለሚኖሩ ጎረቤቶች ይውላል። ጉድጓዱ ቀስ በቀስ የሚያመነጭ ስለሆነ ፓምፑ ከሚገባው በላይ ከሠራ ይደርቃል። ስለዚህም ወጣቶቹ በታንከሩ ውስጥ ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ ማብሪያ ገጠሙ፤ በጥበቃው ቤት ደግሞ ማይክሮኮንትሮለር ያለበትን ሰሌዳና ባዘሩን አኖሩ። ማይክሮኮንትሮለር ማለት የተጻፈለትን ፕሮግራም እየተከተለ ከማብሪያዎች መረጃ የሚቀበልና ትእዛዝ የሚሰጥ፣ በአንዲት ቺፕ ላይ የተሠራ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ታንከሩ ሲሞላ ባዘሩ ይጮኻል፤ ጥበቃው ሰምተው ፓምፑን ያጠፋሉ።

መሣሪያው ለወራት ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ በኋላ ግን ቀንና ሌሊት ቀጭን ፉጨት ማሰማት ጀመረ። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ይጮኽ ነበር፤ ታንከሩ ሊሞላ ሲቃረብም ብልጭ ጥፍት በሚል አጭር ድምፅ ይንጫጫ ነበር። በጥበቃው ቤት የሚያድሩት አባት በመጀመሪያ ባዘሩን በጨርቅ ጠቀለሉት፤ ቀጥሎም እንቅልፍ ቢነሣቸው ሽቦውን በቢላዋ ቆረጡት። በእርሳቸው መፍረድ አይገባም፤ አስቀድመው ለኮሚቴው ሁለት ጊዜ አመልክተው መልስ አላገኙም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስ ያስተዋለ አልነበረም። ውኃው በቅጽሩ ሥር ፈሰሰ፤ ጉድጓዱ ደረቀ፤ ፓምፑም ያለ ውኃ ሲዞር ውሎ ተቃጠለ። ጊዜው በጋ ነበርና ተማሪዎቹ ውኃ ከወንዝ በጀርባቸው ሲያመላልሱ ሰነበቱ።

እኛ የደረስነው ከዚህ በኋላ ነው። ፓምፑን ለማስጠገን ኮሚቴው ገንዘብ እያሰባሰበ ነበር፤ ከአባላቱም አንዳንዶቹ «ይህ የኤሌክትሮኒክስ ነገር ለእኛ አይሆንም» ወደሚል ሐሳብ ደርሰው ነበር። መሣሪያውን ስንመረምር ግን ያገኘነው ሦስት ጥቃቅን ስሕተቶችን ነው። ሦስቱንም ከወጣቶቹ ጋር ሆነን በአንድ ቀን አረምናቸው። የተከተልነውን መንገድ ሌሎች አጥቢያዎችም ይጠቀሙበት ዘንድ በቅደም ተከተል እናቀርበዋለን።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው

ባዘር በአሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድምፅ አመንጪው በውስጡ የተሠራለት ነው፤ የተመደበለትን ቮልቴጅ ባገኘ ጊዜ ሌላ እርዳታ ሳይሻ ይጮኻል። ባለሙያዎች «አክቲቭ» ይሉታል። ሁለተኛው «ፓሲቭ» የሚባለው ነው። ይህ እንደ አነስተኛ ስፒከር ስለሆነ ማይክሮኮንትሮለሩ በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ካላንቀጠቀጠው ድምፅ አይሰጥም፤ በሰከንድ 2,000 ጊዜ ቢያንቀጠቅጠው የ2,000 ሄርዝ ድምፅ ይሰማል። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ። ለመለየት ባዘሩን ከሰሌዳው ነቅሎ ከሚስማማው ቮልቴጅ ጋር ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል። ሳያቋርጥ ከጮኸ አክቲቭ ነው፤ አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ፓሲቭ ነው። ለአክቲቭ ባዘር የተጻፈ ፕሮግራም ፓሲቩን አያስጮኸውም፤ ለፓሲቭ የተጻፈውም በአክቲቩ ላይ ሲሠራ ድምፁን ሻካራ ያደርገዋል። ስለዚህ ባዘር ሲለወጥ በምትኩ የሚገዛው ያንኑ ዓይነት መሆን አለበት።

ቀጥሎ ስለ ትራንዚስተር እንናገር። በውስጡ የሽቦ ጥቅል ያለው መግነጢሳዊ ባዘር 30 ሚሊአምፒር ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይስባል። የማይክሮኮንትሮለር ፒን ግን ለትእዛዝ እንጂ ለጭነት የተሠራ አይደለም። ለምሳሌ በአርዱይኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ ያለው ቺፕ በአንድ ፒን ከ40 ሚሊአምፒር ማለፍ ፈጽሞ አይፈቀድለትም፤ ለዘወትር ሥራ የሚመከረውም 20 ሚሊአምፒር ነው። ስለዚህ በፒኑና በባዘሩ መካከል ትራንዚስተር ይገባል። ትራንዚስተርን እንደ ቧንቧ መክፈቻ ልናስበው እንችላለን። መክፈቻውን የሚያዞረው ትንሽ የእጅ ኃይል ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ግን ብዙ ውኃ ነው። እንደዚሁም ከፒኑ የሚወጣው ጥቂት ፍሰት «ቤዝ» በሚባለው እግር ገብቶ ለባዘሩ የሚያስፈልገውን ትልቅ ፍሰት ይከፍታል፣ ይዘጋልም። መክፈቻው በደንብ ካልተዘጋ ቧንቧው ጠብ ጠብ እንደሚል፣ ትራንዚስተሩም በደንብ ካልተዘጋ ባዘሩ ያፏጫል።

የመጀመሪያው መሣሪያ ጥያቄ ነው

ወደ መልቲሜትሩና ወደ ብየዳው ከመሄዳችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። ድምፁ መቼ ጀመረ? ከመጀመሩ በፊት ምን ተለወጠ? ለወራት በደኅና የሠራ መሣሪያ ድንገት ሲታመም፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በቅርቡ በተደረገ ለውጥ ውስጥ ይገኛል። በዚያ አጥቢያ የጥገና መዝገብ ስላልነበረ መልሱን ያገኘነው ከወጣቶቹ ቃል ነው። ድምፁ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ሽቦ ተገልብጦ በመግባቱ በ5 ቮልት ይሠራ የነበረው ሰሌዳ ተቃጥሎ ኖሯል። በምትኩም ኢኤስፒ32 የተባለውን፣ ፒኖቹ በ3.3 ቮልት የሚሠሩትን ሰሌዳ ገጠሙ፤ ፕሮግራሙንም እንደ አዲስ ጻፉት። ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ ቀረ። ይህን ከሰማን በኋላ የምንፈልገው ነገር ግማሹን ያህል ተገኘ ማለት ነው።

ቀጥሎ ድምፁን በዓይነቱ እንለያለን። የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት ከሆነ ትራንዚስተሩ እንዳልተዘጋ ወይም የኃይል ምንጩ ንጹሕ እንዳልሆነ ያመለክታል። ሙሉ ጩኸት ሆኖ ሌላ መሣሪያ ሲነሣ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሽቦ አዘረጋጉ ይመረመራል። አጭርና የሚቆራረጥ ከሆነ የማብሪያውና የፕሮግራሙ ነገር ይታያል። መሣሪያው ገና ሲበራ ለቅጽበት ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ፒኑ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ባለቤት አጥቶ የሚቆይበት ጊዜ አለ ማለት ነው። በዚያ አጥቢያ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው፤ እያንዳንዱንም ለየብቻ መረመርነው። ብዙ ስሕተት ባለበት ቦታ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መነካካት የትኛው እንደተስተካከለ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

የቀጭኑ ፉጨት ምክንያት

በመጀመሪያ ድምፁ በእርግጥ ከባዘሩ መምጣቱን አረጋገጥን። ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚያወርዱ አንዳንድ ርካሽ መቀየሪያዎች ራሳቸው ቀጭን ድምፅ ያሰማሉና፣ ባዘሩን ነቅሎ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የተቆረጠውን ሽቦ አገናኝተን ፉጨቱ ሲመለስ፣ ስንነቅለውም ሲጠፋ ምንጩ ባዘሩ መሆኑ ታወቀ። ዝም ማለት በሚገባው ሰዓትም በሁለት እግሮቹ መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለካን። ዜሮ መሆን ሲገባው ዜሮ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከማይክሮኮንትሮለሩ ወደ ባዘሩ ሰሌዳ የሚሄደውን የትእዛዝ ሽቦ ብቻ ነቀልን፤ ባዘሩ ፍጹም ዝም አለ። ሽቦውን ስንመልሰው ፉጨቱ ተመለሰ። እንግዲህ ትራንዚስተሩ አልተበላሸም፤ ትእዛዙ ነው በትክክል ያልደረሰው። ይህ ሦስት እግር ያለው፣ ተሠርቶ የሚሸጥ የባዘር ሰሌዳ ፒኤንፒ የተባለውን ዓይነት ትራንዚስተር የያዘ ነው። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ፒኑ ወደ 0 ቮልት ሲወርድ ይጮኻል፤ ዝም የሚለውም ፒኑ ከራሱ የኃይል ምንጭ ጋር እኩል ከፍ ሲል ነው። የባዘሩ ሰሌዳ የሚመገበው 5 ቮልት ነው። የቀድሞው ማይክሮኮንትሮለር «ዝጋ» ሲል 5 ቮልት ይሰጠው ነበርና ትራንዚስተሩ ይዘጋ ነበር። አዲሱ ግን ከ3.3 ቮልት በላይ መስጠት አይችልም። በ5 እና በ3.3 መካከል 1.7 ቮልት ይቀራል፤ ትራንዚስተሩ ለመከፈት ደግሞ 0.7 ቮልት ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ «ዝጋ» ተብሎም መክፈቻው በከፊል ክፍት ሆኖ ይቀራል። እንደ ሬዚስተሩ መጠን ባዘሩ ወይ በቀጭኑ ያፏጫል ወይም ጨርሶ አይዘጋም። ከዚህም ሌላ የኢኤስፒ32 ፒኖች ከ3.3 ቮልት በላይ እንዲቀበሉ አልተሠሩምና፣ ይህ አገናኝ ውሎ አድሮ ቺፑን ሊጎዳ ይችላል።

ያረምነው በዚህ መንገድ ነው። የባዘሩን ሰሌዳ አስቀርተን ባዘሩን ኤንፒኤን በሚባለው ዓይነት ትራንዚስተር አሠራነው። ለዚህ ቢሲ547 ወይም 2ኤን2222 የሚባሉት ይስማማሉ። የትራንዚስተሩ ኢሚተር ከኔጌቲቭ ጋር ይያያዛል፤ ባዘሩ በ5 ቮልትና በኮሌክተሩ መካከል ይገባል፤ ከፒኑ ወደ ቤዙ ባለ 1,000 ኦም ሬዚስተር ይገባል፤ ከቤዙ ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ ባለ 10,000 ኦም ሬዚስተር ይያያዛል። በዚህ አሠራር ትራንዚስተሩ የሚዘጋው በ0 ቮልት ነው፤ 0 ቮልት ደግሞ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ 0 ቮልት ነውና ልዩነት አይፈጠርም። ባለ 10,000 ኦሙ ሬዚስተር አገልግሎቱ ሌላ ነው። መሣሪያው ሲበራ ፕሮግራሙ እስኪጀምር ድረስ ፒኖቹ ትእዛዝ ሰጪ ሳይሆኑ ተቀባይ ሆነው ይቆያሉ፤ በዚያ ጊዜ ቤዙ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይጮኽ ወደ 0 ቮልት ይይዘዋል። ባዘሩ መግነጢሳዊ ስለሆነም ዳዮድ ከባዘሩ ጎን ለጎን፣ ባለ መስመሩን ጫፉን ወደ 5 ቮልት አድርገን በየድነው። ፍሰቱ በድንገት ሲቋረጥ ከሽቦው ጥቅል የሚነሣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን እንዳይጎዳ ይከላከላል።

ፓምፑ ሲነሣ የሚመጣው ጩኸት

ወጣቶቹ ተንሳፋፊውን ማብሪያ ሲገጥሙ አንድ ጥሩ ሐሳብ ነበራቸው። ታንከሩ እስኪሞላ ድረስ ማብሪያው የተገናኘ ሆኖ ይቆያል፤ ሲሞላ ይለያያል፤ ማይክሮኮንትሮለሩም መለያየቱን አይቶ ይጮኻል። እንዲህ በመሆኑ አይጥ የማብሪያውን ሽቦ ብትበላው እንኳ መሣሪያው «ሞልቷል» ብሎ ይጮኻል እንጂ ዝም አይልም። ይህ ሊጠበቅ የሚገባው አሠራር ነው።

ስሕተቱ በመመለሻው ሽቦ ላይ ነበር። ሽቦ ለመቆጠብ የማብሪያውን አንድ ጫፍ በታንከሩ ሥር ካለው የፓምፑ ኔጌቲቭ ሽቦ ጋር አስረውት ነበር። ያ ሽቦ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረትና 8 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የመዳብ ሽቦ ነው፤ እንዲህ ያለው ሽቦ 0.1 ኦም የሚጠጋ እንቅፋት አለው። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ፓምፑ 10 አምፒር ሲስብ፣ 10 በ0.1 ሲባዛ 1 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ፓምፑ ሲሠራ በታንከሩ ሥር ያለው ኔጌቲቭ በጥበቃው ቤት ካለው ኔጌቲቭ በ1 ቮልት ያህል ከፍ ይላል፤ ፓምፑ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ የሚስበው ፍሰት ከዘወትሩ ስለሚበልጥ ልዩነቱ ከዚያም ያልፋል። የቀድሞው ሰሌዳ እስከ 1.5 ቮልት ድረስ ያለውን እንደ ዜሮ ይቆጥር ነበርና ስሕተቱ ተሸፍኖ ኖሯል። አዲሱ ግን በእርግጠኝነት እንደ ዜሮ የሚቀበለው እስከ 0.8 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን «ማብሪያው ተለያይቷል» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ በባዶ ታንከር የሚጮኸውም ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለማብሪያው የራሱ ሁለት ሽቦ ተዘረጋለት፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ተገምደው በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ገቡ። የፓምፑ ሽቦዎችም በቀጥታ ወደ ባትሪው እንዲሄዱ ተደረገ። የሁሉም ኔጌቲቭ የሚገናኘው በአንድ ቦታ፣ በባትሪው ጫፍ ላይ ብቻ ሆነ። ይህ ሕግ ከማስታወስ ሊወጣ አይገባም፤ ብዙ ፍሰት የሚሄድበት ሽቦና መረጃ የሚሄድበት ሽቦ መንገድ አይጋሩም። ረጅም የመረጃ ሽቦ እንደ አንቴና ከአካባቢው መብራትና ሞተር ድምፅ ስለሚለቅምም፣ በሰሌዳው በኩል ከፒኑ ወደ 3.3 ቮልት ባለ 4,700 ኦም ሬዚስተር፣ ከፒኑ ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ ባለ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጨመርን።

የሚንጫጫው አጭር ድምፅ

ታንከሩ ሊሞላ ሲቃረብ የሚገባው ውኃ ገጹን ያናውጠዋል። ተንሳፋፊው ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ማብሪያው በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይገናኛል፣ ይለያያል። ማይክሮኮንትሮለሩ ፈጣን ስለሆነ እያንዳንዱን ንቅናቄ አይቶ ባዘሩን ያበራል፣ ያጠፋል። የቀድሞው ፕሮግራም ጥቂት ሰከንድ የሚታገሥ ነበር፤ እንደ አዲስ ሲጻፍ ግን ያች መስመር ተረሳች። አሁን ማብሪያው ለ5 ተከታታይ ሰከንድ ተለያይቶ ከቆየ ብቻ እንዲጮኽ፣ አንድ ጊዜ ከጮኸ በኋላም ማብሪያው ለ30 ሰከንድ ተገናኝቶ እስኪቆይ ወይም ጥበቃው ፓምፑን እስኪያጠፉ ዝም እንዳይል ተጻፈ። ጩኸቱ ቁርጥ ያለ ሆነ፤ ወይ አለ፣ ወይ የለም።

በሌላ ቦታ ሊያጋጥሙ የሚችሉ

ከእነዚህ ሦስቱ ሌላ በባዘር ላይ የሚታዩ ጥቂት ምክንያቶችን እንጨምር። ፓሲቭ ባዘር ያለማቋረጥ የሚያንጎራጉር ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ድምፁን ጀምሮ የማቆሚያውን ትእዛዝ እንዳልጻፈ ይታይ። የባዘሩን ድምፅ ለመቀነስ ተብሎ በአርዱይኖ ላይ የመብራት ማደብዘዣ ትእዛዝ ከተጠቀሙም፣ ያ ትእዛዝ ፒኑን በሰከንድ 490 ወይም 980 ጊዜ ስለሚያበራና ስለሚያጠፋ ራሱ የሚሰማ ድምፅ ይሆናል። ባዘሩ በጮኸ ቁጥር ማይክሮኮንትሮለሩ ራሱን የሚያስነሣ ከሆነ የኃይል ምንጩ ደካማ ነው፤ በቺፑ የኃይል እግሮች አጠገብ ባለ 0.1 ማይክሮ ፋራድ፣ በባዘሩ አጠገብ ደግሞ ባለ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ማስገባት ይረዳል። አዲስ ባዘር ድምፁ ታፍኖ ከተሰማ ፋብሪካው በቀዳዳው ላይ የለጠፈው ወረቀት እንዳልተነሣ ይታይ። ይህን አይተው የሚስቁ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ያጋጥማል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በባትሪ በሚሠራ አነስተኛ ቮልቴጅ ላይ ነው። መሣሪያው ከ220 ቮልት መስመር ጋር የተያያዘ ከሆነ መስመሩ ሳይቋረጥ ማንም እንዳይነካው፤ ሥራውም ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተው። በ12 ቮልትም ቢሆን የባትሪው ሁለት ጫፎች ቢነካኩ ሽቦ ያቀልጣሉና፣ ከባትሪው በሚወጣው ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ ፊውዝ ይኑር፤ ከመበየድ በፊትም ባትሪው ይነቀል።

ዝምታም ይመረመራል

ጥገናው ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ጨመርን። የማብሪያው ሽቦ ቢቆረጥ መሣሪያው ይጮኻል፤ የባዘሩ ሽቦ ቢቆረጥ ግን የሚናገር የለም። በዚያ አጥቢያ ጉዳቱ የደረሰው በዚህ በኩል ነበር። ስለዚህ ጥበቃው ጠዋት ፓምፑን ባስነሡ ጊዜ ሁሉ ባዘሩ ለ1 ሰከንድ እንዲጮኽ በፕሮግራሙ ተጻፈ። ያ ድምፅ «አለሁ» ማለቱ ነው። ካልተሰማ ፓምፑ ይጠፋል፤ ኮሚቴውም ይጠራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሰን ስንጠይቃቸው እኚያው አባት እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ዱሮ ሲጮኽ ነበር እንቅልፍ የሚነሣኝ፤ አሁን ግን ጠዋት ዝም ካለ ነው የምደነግጠው።» ማስጠንቀቂያው ታማኝነቱን አስመልሷል ማለት ነው።

ለሰበካ ጉባኤና ለልማት ኮሚቴዎች

ካህናት አባቶችና የኮሚቴ አባላት ትራንዚስተር መበየድ አይጠበቅባችሁም። የሚጠበቅባችሁ ሥርዓቱን ማስያዝ ነው። ስለዚህም የሚከተሉትን አምስት ነገሮች በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ እንድትሠሩባቸው እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ደብተር ይኑር። ምን እንደተለወጠ፣ በማን፣ በስንት ቀን እንደተለወጠ ይጻፍ። በዚያ አጥቢያ የነበሩት ሦስት ችግሮች የታዩት ሳይመዘገብ በተደረገ አንድ ለውጥ ነው።

ሁለተኛ፣ የሽቦው ንድፍና የፕሮግራሙ ቅጂ በቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ሠሪው ወጣት ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ መሣሪያው ወላጅ አልባ እንዳይሆን።

ሦስተኛ፣ ከመሣሪያው አጠገብ የሚያድር ሰው ስለ ድምፅ ሲያመለክት ቅሬታው እንደ ማጉረምረም አይቆጠር። በሦስት ቀን ውስጥ የሚመልስለት አንድ ኃላፊ ይመደብ። ጆሮው ለመሣሪያው ከሁላችንም የቀረበው እርሱ ነው።

አራተኛ፣ ያልተፈለገ ድምፅ እስኪመረመር ድረስ ባዘሩን ማላቀቅ ግድ ከሆነ፣ ሥራው በሰው ይተካ። መሣሪያው ዝም ባለበት ጊዜ ታንከሩን በየሰዓቱ የሚያይ ሰው በስሙ ይመደብ።

አምስተኛ፣ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ የብየዳ ብረት፣ ጥቂት ትራንዚስተሮች፣ ሬዚስተሮች፣ ዳዮዶችና አንድ ትርፍ ባዘር በአንድ ሣጥን ይቀመጡ። ለዚያ ጥገና ያስፈለጉን ዕቃዎች አንድ ትራንዚስተር፣ አንድ ዳዮድ፣ አንድ ካፓሲተር፣ ሦስት ሬዚስተርና ጥቂት ሜትር ሽቦ ናቸው። የእነዚህን ዋጋ ከተቃጠለው ፓምፕ ዋጋና ተማሪዎቹ ከወንዝ ከተሸከሙት ውኃ ጋር ማነጻጸሩን ለእናንተ እንተወዋለን።

ባዘሩ ሲያስቸግር ቢላዋ ለማንሣት መቸኮል አይገባም። ድምፁ ምንም ያህል ቢያስጠላ አንድ ነገር እየነገረን ነው፤ ምናልባት ስለ ታንከሩ ሳይሆን ስለ ራሱ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ከየት እንደመጣ ጠይቀን፣ ከምንጩ አርመን ዝም ስናሰኘው ዝምታው እውነተኛ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጮኽም ሰምቶ የሚነሣ ሰው ይኖራል።